«መኪናው የት ደረሰ?» የሚለው ወሬ ስንት ያወጣል?

በእህል ንግድ ውስጥ ከዋጋ ቀጥሎ በብዛት የሚጠየቀው ጥያቄ «መኪናው የት ደረሰ?» የሚል ነው። ከፍኖተ ሰላም በቆሎ ጭኖ የተነሳው ኤፍ ኤስ አር ደምበጫን አልፏል? ደጀን አድሯል ወይስ ዓባይን ተሻግሯል? ከቡሬ የወጣው በርበሬስ ወደ ባሕር ዳር ዞረ ወይስ የአዲስ አበባን መንገድ ያዘ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱን ቀድሞ የያዘ ሰው የነገውን ዋጋ ዛሬ ማታ መገመት ይችላል። ስንትና ስንት ደላላ ትዳር መሥርቶ ልጅ ያሳደገው በዚህ ግምት ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ይህን ወሬ ለማግኘት ሰው ማወቅ ያስፈልግ ነበር። የኬላ ጠባቂ፣ የማደያ ሠራተኛ፣ ሾፌሮች የሚያድሩበት ሆቴል ባለቤት፣ ካልሆነም ረዳቱ። ወሬው በሰው አፍ ስለሚመጣ ይዘገያል፣ ይዛባል፣ አንዳንዴም ሆን ተብሎ ይዋሻል። አሁን ነገሩ ተለውጧል። መኪናው ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ፣ በሾፌሩ ኪስ ያለው ሞባይልና የነዳጅ ሒሳብ የሚከፈልበት ቴሌብር ሁሉም ቦታና ሰዓት ይመዘግባሉ። መዝገቡ አይረሳም፤ ባለቤቱ ሳያውቅም ሊገለበጥ ይችላል።

ለመሆኑ ይህ መዝገብ የማን ነው? ማን ያየዋል? ለምን ያህል ጊዜስ ይቀመጣል? በገበያችን እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሳ ነጋዴ ጥቂት ነው። የግል ሕይወት ምስጢር ሲባል ብዙዎቻችን የፖለቲከኞችና የጠበቆች ወሬ አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ጉዳዩ የኪስም ጉዳይ ነው።

ወሬውና ዋጋው

ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የኢትዮጵያን የእህል ገበያ አጥንተው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በኩል ውጤቱን አሳትመዋል። ጥናቱ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ፣ ክፍለ ሀገር ያለ ነጋዴ የማያውቀውን ገዢ ፈልጎ ለማግኘት በአዲስ አበባ ደላሎች እንደሚጠቀም ነው። ደላላው የሚሸጠው አገልግሎት በአጭሩ ፍለጋ ነው። እሳቸው በመጀመሪያ ሥራ አስፈጻሚነት የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የዋጋ መረጃ ለገበሬውም ለነጋዴውም እኩል ይድረስ የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር። ቡሬም ምርት ገበያው መጋዘን ከከፈተባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ልዩነት አለ። ዋጋ ለሁሉም ሲነገር ገበያው ይሻሻላል። የአንድ ነጋዴ መኪና የት እንዳለ ለተወዳዳሪው ወይም ለገዢው ብቻ ሲነገር ግን ገበያው ይዛባል። አከርሎፍ፣ ስፔንስና ስቲግሊትዝ በ2001 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን የተጋሩት ይህንኑ፣ ማለትም አንዱ ወገን ሌላው የማያውቀውን ይዞ ሲደራደር ገበያ ምን እንደሚሆን በመተንተናቸው ነበር። በእኛ ገበያ ግን ነገሩን ለመረዳት ኖቤል አያስፈልግም፤ ሽንኩርት ይበቃል።

መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ ታቅዶ የተሠራ ሲሆን፣ ከሚወጡበት ምርቶች መካከል ሽንኩርትና ድንች ይገኙበታል። በቆሎ ዋጋው ካልጣመ መጋዘን ይገባል። ሽንኩርት መኪና ላይ ሁለት ሦስት ቀን ከዋለ ግን ራሱን ይበላል። እንግዲህ አዲስ አበባ ያለው ገዢ፣ የሻጩ መኪና ማታ ደጀን ላይ መቆሙንና ነገ ጠዋት ከማራገፍ ሌላ ምርጫ እንደሌለው ካወቀ ምን ያደርጋል? ስልክ አያነሳም። ይጠብቃል። ጠዋት ላይ የሚጠራው ዋጋ ከማታው ያነሰ ነው። ልዩነቱ ከሻጩ ኪስ ወጥቶ ወደ ገዢው ኪስ የገባ ሲሆን፣ የተከፈለውም ለአንድ ወሬ ነው።

ቡሬ ደግሞ ሌላ ነገር ትናገራለች። እዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከባድ መኪና የሚፈልግ ሥራ ወደ ከተማዋ አምጥተዋል። ስለዚህ ቡሬ ላይ ወደየት እንደታጠፈ የታወቀ መኪና የባለቤቱን ደንበኛ ይናገራል። የአንድን ነጋዴ መኪኖች የሦስት ወር አካሄድ የያዘ ተወዳዳሪ የደንበኞቹን አድራሻ፣ የግዢ ቀኖቹንና የጭነቱን ብዛት በእጁ አስገብቷል ማለት ነው። የሒሳብ መዝገቡን ካዝና ውስጥ የሚቆልፍ ነጋዴ ይህኛውን መዝገብ መሥሪያ ቤቱን እንኳ አይቶ ለማያውቀው ድርጅት ትቶ ይተኛል።

ሳተላይቱ አያይም

«ሳተላይት ያየናል» የሚል አነጋገር ከገጠር እስከ ከተማ አለ። ትክክል አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሥራ ሰዓት ያዘለ ምልክት ወደ ምድር መላክ ነው፤ ማን እንደተቀበለው አያውቁም። ቦታውን የሚያሰላው ምልክቱን የተቀበለው መሣሪያ ራሱ ሲሆን፣ በገላጣ ቦታ ስሕተቱ ጥቂት ሜትር ቢሆን ነው። ወሬው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ላይ የተገጠመው ዕቃ በውስጡ ሲም ካርድ አለው፤ ያሰላውን ቦታ በየጥቂት ሰከንዱ ወይም በየደቂቃው በሞባይል ኔትወርክ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ይልካል። ኮምፒዩተሩ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ቻይናም ሊሆን ይችላል። ባለመኪናው በስልኩ የሚያየው ካርታ ከዚያ ኮምፒዩተር የተላከለት ነው። ከእሱ በፊት ሊያይ የሚችል ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

ሞባይሉ ደግሞ ጂፒኤስ ባይኖረውም ይናገራል። ስልክ ለመደወልና ለመቀበል በአቅራቢያው ካለ የኔትወርክ ማማ ጋር መገናኘት አለበት፤ በተደወለና መልእክት በተላከ ቁጥር የትኛው ማማ እንዳስተናገደው ይመዘገባል። ይህን መዝገብ የሚይዘው ቴሌው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የራሱን ይይዛል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በባለመኪናው ስልክ ላይ ያለው ካርታ ይቆማል፤ ነጋዴውም ወደ ድሮው «አያ፣ የት ደረስክ?» ወደሚለው ስልክ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ካርታው ቆመ ማለት መዝገቡ ቆመ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ኔትወርክ ሲያጡ ቦታውን በውስጣቸው ያጠራቅሙና መስመር ሲያገኙ የሰነበተውን ሁሉ ባንዴ ይልኩታል።

ሦስተኛው ፈለግ ነዳጅ ነው። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ በክልሎች የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። የኮንትሮባንድና የድጎማ ቁጥጥር ምክንያቱ በቂ ነው፤ ማንም ሐቀኛ ነጋዴ አይቃወመውም። ነገር ግን በዚሁ አጋጣሚ ማን፣ የት ከተማ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሊትር ቀዳ የሚል መዝገብ ተፈጥሯል። ደምበጫ 100 ሊትር፣ ጎሃ ጽዮን 80 ሊትር ካለ መንገዱን ለመሳል ጂፒኤስ አያስፈልግም።

ስሙ ቢፋቅስ?

መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ በየትም ሀገር አንድ ነው፦ «ስም አውጥተን ነው የምናስቀምጠው፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም።» ይህ መልስ ምን ያህል ያስኬዳል?

በ2013 እ.ኤ.አ. ዴ ሞንትጆዬ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ 1.5 ሚሊዮን የሞባይል ደንበኞች በ15 ወራት ውስጥ የተዉትን ስም የሌለው የአካሄድ መዝገብ መርምረው ነበር። ማማውንና ሰዓቱን ብቻ የሚገልጽ መዝገብ ነው። ያገኙት ውጤት፣ የአንድን ሰው አራት ቦታና ሰዓት ያወቀ ማንም ከ100 ሰዎች 95ቱን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ነጥሎ ሊያወጣ እንደሚችል ነው። አራት ነጥብ ብቻ! ጠዋት ከቤት፣ ቀን ከሱቅ፣ ዓርብ ከመስጊድ ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን፣ ማታ ከዘመድ ቤት።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የፈረንጅ ከተማ ነገር ነው፤ የእኛ ገጠር ማማውም ጥቂት ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ማማው በየጥቂት መቶ ሜትሩ ሲገኝ በገጠር በብዙ ኪሎ ሜትር ይራራቃል። የቦታው ስሕተትም በዚያው መጠን ይሰፋል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ግን ገጠሩ ከከተማው የበለጠ ያጋልጣል። ምክንያቱ ገበያ ነው።

የምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚኖረው በገበያ ቀን ነው። ከገበሬው እህል የሚሰበስብ ነጋዴ ሳምንቱን በገበያ ቀን ይከፋፍላል። እንበልና አንዱ ሰኞ ሽንዲ፣ ረቡዕ ማንኩሳ፣ ሐሙስ ጂጋ፣ ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ይውላል። ሌላው በሌላ ቅደም ተከተል ይዞራል። ይህ ዙር እንደ ፊርማ ነው። ስሙ የተፋቀ መዝገብ ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል የሚሄድ አንድ ስልክ ከተገኘ የአካባቢው ደላላ ባለቤቱን ለመጥራት ካርታ አያስፈልገውም፤ «እገሌ ነው» ይላል። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ በአንድ ማማ ሥር ብዙ ሺህ ሰው አለ። ንጋት ላይ ከአንድ የገጠር ገበያ ማማ ሥር ከውጭ የገባ ስልክ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ብር ይዞ የሚመጣውም እሱው ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ጉዳዩን ከትርፍ አልፎ ወደ ሕይወት ያሻግረዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ በቅርብ ዓመታት ምን እንዳየ አንባቢ ያውቃል። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶብሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው ከ100 በላይ ተማሪዎች መታገታቸው ተዘግቧል። እገታው በመረጃ መፍሰስ የተፈጸመ ነው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ አልቀረበም። ነገር ግን ሰው በገንዘብ በሚለቀቅበት መንገድ ላይ፣ የትኛው መኪና የማን እንደሆነና በስንት ሰዓት የት እንደሚያልፍ የሚገልጽ መዝገብ የማንም እጅ ሊገባ የሚችል ተራ ወረቀት መሆን የለበትም። እህሉን ሸጦ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ነጋዴ የመነሻ ሰዓቱን ለዘመዱ እንኳ አይናገርም። በካርታ ላይ ግን ሲነዳ ይታያል።

300 ዶላር

ርዕሱ ላይ ለተነሳው ጥያቄ ከእኛ ገበያ የተጣራ ዋጋ ማቅረብ ባይቻልም ከአሜሪካ አንድ ዋጋ አለ። በጃንዋሪ 2019 እ.ኤ.አ. ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ድረ ገጽ ጋዜጠኛ የአንድ ስልክ ቁጥርና 300 ዶላር ለአንድ ሰው ሰጠ። ሰውየው ፖሊስ አልነበረም፤ የተሰወሩ ባለዕዳዎችንና ተከሳሾችን እያሳደደ የሚኖር ነው። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በተባለው ክፍል የት አካባቢ እንዳለ በካርታ ላይ ተመለሰለት። ምንም ስልክ አልተጠለፈም። የቴሌፎን ኩባንያዎቹ በወቅቱ የደንበኞቻቸውን ቦታ ለአገናኝ ድርጅቶች ይሸጡ ነበር፤ እነሱ ለሌላ፣ ሌላው ለሌላ። በእኛ ቋንቋ ደላላ ለደላላ ሲቀባበሉት ማለት ነው። ከእጅ እጅ ባለፈ ቁጥር የመጀመሪያው ፈቃድ ይረሳል።

የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ቲ-ሞባይልን 80 ሚሊዮን፣ ኤ ቲ ኤንድ ቲን 57 ሚሊዮን፣ ቬራይዘንን 47 ሚሊዮን፣ ስፕሪንትን 12 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቀጣ። ኩባንያዎቹ ቅጣቱን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄደዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 እ.ኤ.አ. የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ የአንድ ተጠርጣሪን የ127 ቀን የስልክ አካሄድ ያለ ፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ መውሰዱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። በመዝገቡ ውስጥ 12,898 ነጥቦች ነበሩ።

እኛ ሀገርም ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሂውማን ራይትስ ዎች በማርች 2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የጸጥታ ሰዎች የቴሌ ደንበኞችን የጥሪ መዝገብ ያለ በቂ የፍርድ ቤት ቁጥጥር ያገኛሉ ሲል ከሷል። መንግሥት በወቅቱ ክሱን ስም ማጥፋት ነው ብሎ አጣጥሎታል። የሪፖርቱን እውነትነት መመዘን የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም። የንግዱ ማኅበረሰብ ሊያስብበት የሚገባው፣ መዝገቡ ተጠራቅሞ አንድ ቦታ እስካለ ድረስ በሹመት የሚያየው ብቻ ሳይሆን በጉቦ ወይም በስርቆት የሚያየው ሰውም ሊኖር እንደሚችል ነው።

የርካሽ ዕቃ ዕዳ

ነጋዴያችን መከታተያውን የሚገዛው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። ነዳጅ ይቀዳል፣ ጎማ ይለወጣል፣ ትርፍ ጭነት ይጫናል፣ መኪናም ይሰረቃል። ይህንን ሁሉ ያየ ባለንብረት ጂፒኤስ አታስገጥም ቢባል አይሰማም፤ ባይሰማም አይፈረድበትም። ችግሩ ያለው አመራረጡ ላይ ነው። የሚጠይቀው ዋጋውንና ካርታው በሞባይል መታየት አለመታየቱን ነው።

አቫስት የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. በቻይና የተሠሩ 29 ዓይነት መከታተያዎችን ጠቅሶ፣ 600,000 ያህል መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በነበራቸው «123456» በሚል የይለፍ ቃል እንደሚሠሩ አስታወቀ። ቁጥሩን የገመተ ማንም ሰው የመሣሪያውን ቦታ ያያል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቢትሳይት የተባለ ሌላ ኩባንያ ማይኮደስ የተሰኘው አምራች ባወጣው የመኪና መከታተያ ላይ ከባድ ክፍተቶች አገኘ። እዚያ ጉዳዩ ማየት ብቻ አልነበረም፤ ከሩቅ ሆኖ የመኪናውን ነዳጅ መቁረጥ ይቻል ነበር። አምራቹ በ169 ሀገሮች 1.5 ሚሊዮን ያህል መሣሪያዎቹ በሥራ ላይ እንዳሉ ይገልጽ ነበር። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት የሚያውቅ ሾፌር ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አያጠራጥርም።

ሌላው፣ ብዙም የማይነሳው ነገር የአሮጌ መኪና ሽያጭ ነው። ሊብሬ ይዞራል፣ ታርጋው ይጣራል፣ ሞተሩ ይፈተሻል፤ በዳሽ ቦርዱ ውስጥ የተቀበረው መከታተያ ግን የቀድሞው ባለቤት ስልክ ላይ እንደተመዘገበ ይቀራል። አዲሱ ባለቤት መኪናውን ገዛ እንጂ መዝገቡን አልገዛም። የመኪና ደላሎች የሽያጭ ውል ሲያጽፉ አንዲት መስመር ቢጨምሩ ምን ይጎዳቸዋል?

ሕጉ ምን ሰጠ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ጭምር እንዲከበር ደንግጓል። በዝርዝር ደረጃ የመጣው ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ አንድን ሰው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለይቶ የሚያሳውቅ መረጃ የያዘ ድርጅት፣ መረጃውን ለሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበትና እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ባለመረጃው ምን እንደተያዘበት የማወቅ፣ የማሳረምና የማሰረዝ መብት አግኝቷል። መረጃ ከፈሰሰ ደግሞ ለባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ መነገር አለበት።

ነጋዴ አንባቢ ግን አንድ ነገር ያጢን። ሕጉ የሚጠብቀው ሰውን ነው። በግል ስሙ ንግድ ፈቃድ ያወጣ ነጋዴ ሰው ስለሆነ አካሄዱ ይጠበቅለታል። የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መኪና አካሄድ ግን የማኅበሩ ምስጢር እንጂ የግል ዳታ አይደለም፤ ለእሱ መከላከያው ከጂፒኤስ አቅራቢው ጋር የሚፈርመው ውል ነው። የሚገርመው በዚያው መኪና ላይ ጥበቃ ያለው ሾፌሩ ነው። አካሄዱ የእሱንም አካሄድ ያሳያልና ሾፌሩ በአዋጁ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተጠያቂውም መዝገቡን የሚያየው አሠሪው ሊሆን ይችላል።

ይህን የሰማ ባለመኪና «መኪናው የኔ፣ ነዳጁ የኔ፤ ሾፌሩ ምን አገባው?» ይላል። በከፊል ልክ ነው። ጭነቱ እስኪራገፍ ድረስ መኪናው የት እንዳለ ማወቅ መብቱ ነው። ነገር ግን ሾፌር ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ መኪናው ደጁ ስለቆመ ብቻ ለባለመኪናው ሒሳብ ማቅረብ አለበት? የዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ክትትሉ ጭነቱን ይከተል፣ ሰውየውን አይከተል የሚል ነው። ለዚህም መሣሪያዎቹ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንዲያቆሙ፣ ወይም መኪናው ከመስመር ካልወጣ ዝም እንዲሉ ማድረግ ይቻላል። ወጪው እምብዛም ነው። ሾፌሩ ከጅምሩ ምን እንደሚታይ ተነግሮት ከፈረመ ሽቦውን የሚቆርጥበት ምክንያትም ይቀንሳል።

ከአቅራቢው ጋር በሚደረገው ውል ላይ ሊገባ የሚገባው ረጅም አይደለም። መዝገቡ የደንበኛው መሆኑ፤ ከአቅራቢው ሠራተኞች ማን እንደሚያየውና ያየም ሰው ስሙ የሚመዘገብ መሆኑ፤ ኮምፒዩተሩ የት ሀገር እንዳለ፤ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚጠፋ። ነዳጅ ለማመሳከር ከአንድ ወር በላይ የሚያስፈልገው ነጋዴ ብዙ አይደለም፤ የሦስት ዓመት አካሄድ ተቀምጦ የሚጠቅመው ለሌባ ነው። ፖሊስ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ እንዳይሰጥ፣ ሲሰጥም ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ ደንበኛው እንዲያውቅ። አቅራቢው እንዲህ ያለ ውል አልፈርምም ካለ፣ ምክንያቱን መጠየቅ ነው።

ከመኪናው ወደ ጓሮው

እስካሁን ያወራነው ስለሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የማይንቀሳቀሰውም ተራው ደርሷል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡናን ጨምሮ በተወሰኑ ምርቶች ላይ፣ ምርቱ የበቀለበት ማሳ የሚገኝበት ቦታ በካርታ ቁጥር ካልቀረበ ወደ አውሮፓ ገበያ አይገባም ይላል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ ይለካል፤ ከዚያ ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል። የደኑ ዓላማ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በእኛ ሀገር ከ4 ሄክታር በታች የሆነ የቡና ማሳ ምን ማለት ነው? በብዙ ቦታ ጓሮ ማለት ነው። ያቺ አንዲት ነጥብ በተግባር የገበሬው ቤት አድራሻ ናት። ስሙ፣ ምርቱና የምርቱ መጠን ከአጠገቧ ይጻፋል። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወደ ላኪው፣ ከላኪው ወደ አስመጪው ትተላለፋለች፤ አዝመራ ተሸጦ ብር እጁ የገባበት ወርም ከዚያው ይነበባል።

የደንቡ ተፈጻሚነት ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። በዲሴምበር 2025 እ.ኤ.አ. በተላለፈው ውሳኔ መሠረት ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ከዲሴምበር 30 ቀን 2026 እ.ኤ.አ.፣ ለጥቃቅንና ለአነስተኛዎቹ ከጁን 30 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ላኪዎች በዚህ መሀል የገበሬውን ማሳ እየዞሩ ማስለካት ይኖርባቸዋል። ለኪው በሚይዘው ፎርም ላይ ገበሬው የሚፈርምበት ቦታ ይኖር ይሆን? ካለስ፣ ከፊርማው በላይ የተጻፈውን ማን አንብቦለት ነው የሚፈርመው?